ካሜራው ዞር ያለበት ዓመት

ይህን የምጽፈው ከ2024ቱ ኦስካር በፊት ነው፤ ሽልማቱ መጋቢት 1 ቀን 2016 (በፈረንጆቹ ማርች 10) ነው። ከዚያ በፊት ይህችን ጽሑፍ ካልጨረስኩ ነገሩ ይበላሻል፤ ሰው የተሸለመ ፊልም ሲያወድስ አጨብጫቢ ይመስላል፣ ያልተሸለመ ሲያወድስ ደግሞ አኩራፊ። ስለዚህ ማንም ምንም ሳይወስድ የ2023 ፊልሞቼን ተናግሬ ልገላገል። 2023 ስል በፈረንጆቹ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሄድኩ ዓመቱ እንቁጣጣሽ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ «ኦፐንሃይመር» የ2015፣ «ኪለርስ ኦፍ ዘ ፍላወር ሙን» የ2016 ሊሆን ነው። ፊልም ወዳድ ደግሞ ዓመቱን እንዲህ ሲቆራርጡበት ደስ አይለውም።

ደረጃ አላወጣሁም። ግን የወደድኳቸውን ወረቀት ላይ ደርድሬ ሳያቸው አንድ ነገር ገረመኝ፤ አብዛኞቹ ዋናውን ነገር አላሳዩኝም። ቦምቡ የወደቀባት ከተማ አልታየችም። ሰውየው ከቤቱ ላይ ሲወድቅ አልታየም። ከግንቡ ማዶ የሚገደለው ሰው አልታየም። ልጅቷ አገሯ ብትቀር ኖሮ ይኖራት የነበረው ኑሮ አልታየም። ኮምፒውተር ከተማ አፍርሶ ከተማ በሚሠራበት በዚህ ዘመን፣ ሁሉን ማሳየት የሚችሉ ሰዎች ካሜራቸውን ሆን ብለው ዞር አደረጉ። እኔም ዓመቱን ሙሉ ከአዳራሽ የወጣሁት ያላየሁትን እያሰላሰልኩ ነው።

ፊልም የማየው በብዛት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኮልስቪል መንገድ ላይ ባለው ሲልቨር ቲያትር ነው። በ1938 የተከፈተ፣ ለዓመታት ተዘግቶ ከርሞ በ2003 ታድሶ በአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት እጅ ሥራ የጀመረ የድሮ አዳራሽ። ዙሪያውን የሐበሻ ምግብ ቤት ሞልቷል፤ ክትፎ ቤቱን የሚያውቅ ሰው ሁሉ በበሩ ያልፋል፣ የሚገባው ግን ጥቂት ነው። ፓርኪንግ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ስለምሠራ እኔ የምገባው ቀን ነው። ከፓርኪንጉ ወጥቼ ትንሽ ሸለብ አደርግና የቀኑን የመጀመሪያ ትኬት እቆርጣለሁ። በዚያ ሰዓት አዳራሹ የጡረተኞች ነው። ጡረተኞች ደግሞ ጥሩ ተመልካቾች ናቸው፤ ስልክ አያወጡም፣ ፖፕኮርን አያንኮሻኩሹም። ያልሰሙትን ግን ጮክ ብለው ይጠያየቃሉ። «ምን አለ?» «ሞቷል አለ!» እየተባባሉ።

የዓመቱ ወሬ የጁላይ 21 ነበር። «ባርቢ» እና «ኦፐንሃይመር» በአንድ ቀን ተከፈቱ፤ ሕዝቡም ሁለቱን ስም አጋጭቶ «ባርበንሃይመር» አላቸውና ልክ እንደ በዓል ወጣ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሆሊውድ አድማ ላይ ነበር። ጸሐፊዎቹ ከሜይ 2 ጀምሮ፣ ተዋንያኑ ከጁላይ 14 ጀምሮ። የ«ኦፐንሃይመር» ተዋንያን ለንደን ላይ ቀይ ምንጣፉን ረግጠው፣ ፊልሙ ሳይጀመር ለአድማው ጥለው ወጥተዋል። የ«ዱን» ሁለተኛ ክፍል ከኖቬምበር ወደ ማርች የተገፋውም በዚሁ ምክንያት ነው። ተዋንያኑ ወጥተው ማስተዋወቅ በማይችሉበት ወቅት አዳራሾቹ እንደዚያ መሙላታቸው እስካሁን ይገርመኛል።

«ባርቢ»ን ያየሁት ከእህቴ ልጅ ጋር ነው፤ ከላይ እስከ ታች ሮዝ ለብሳ። ሳቅሁ፣ አንዳንዱ ስብከቱ በዛብኝ። ያልረሳሁት አንድ ትዕይንት ነው። ባርቢ የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተቀምጣ አንዲት ሽማግሌ ሴት ታያለች፤ በእሷ ዓለም እርጅና የሚባል ነገር የለም። «በጣም ቆንጆ ነሽ» ትላታለች። ሴትየዋ እየሳቀች እንደምታውቅ ትነግራታለች። በቃ፤ ወደ ታሪኩ የሚጨምረው ነገር የለም። ከ1.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስገባ ፊልም ውስጥ እንዲህ ያለ፣ ለምንም የማይጠቅም ደቂቃ መትረፉ ግሬታ ገርዊግን አስከበረብኝ። ለምርጥ ዳይሬክተር ሳትታጭ መቅረቷ አላስደነቀኝም፤ አስቂኝ ፊልም መሥራት ቀላል የሚመስላቸው ሰዎች ሁልጊዜ አሉ።

የአቶም ቦምቡን ሥራ የመራው ሳይንቲስት ታሪክ፣ «ኦፐንሃይመር»፣ ሦስት ሰዓት ነው፤ ከሦስቱ ሰዓት ሁለቱ ሰዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሲነጋገሩ ነው። ክሪስቶፈር ኖላንን የምነቅፈው ሙዚቃው ስለማያርፍ ነው፤ ንግግሩን የሚያሳድደው ይመስላል። ግን ወደ ሙከራው ቀን እንምጣ። ጁላይ 16 ቀን 1945፣ ኒው ሜክሲኮ በረሃ። ቆጠራው ያልቃል፣ ብርሃኑ ይፈነዳል፣ ድምፁ ግን የለም። የሰውየው ትንፋሽ ብቻ። እሳቱ እየተጠቀለለ ወደ ላይ ይወጣል፣ ፊቶች በጥቁር መነጽር ይቃጠላሉ፣ እኛም ዝም ብለን እናያለን። ብርሃን ይቀድማል፣ ድምፅ ይከተላል፤ የክፍል ትምህርት ነው። አዳራሹ ውስጥ ግን ድምፁ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ረዘመብኝና ጭራሽ ረሳሁት። ሲመጣ ከአጠገቤ ያሉት ባልና ሚስት ጡረተኞች ሁለቱም ከወንበራቸው ተነሡ። ምን እንደሚመጣ እያወቁ።

ሂሮሺማ አትታይም። ወሬዋ በሬዲዮ ይመጣል። ከዚያ አዳራሽ ሙሉ ሰው በደስታ እግሩን ወለሉ ላይ ሲደበድብ፣ ሰውየው ንግግር ለማድረግ ሲወጣ፣ ጭብጨባው ይጠፋና የአንዲት ሴት ቆዳ ሲላጥ ያያል፤ ሲራመድ እግሩ የከሰለ ነገር ውስጥ ይገባል። ቆየት ብሎ ከከተማዋ የመጣው ፎቶ ለባልደረቦቹ ሲታይ ካሜራው ፎቶውን አያሳየንም። የሱን ፊት ነው የሚያሳየን፤ እሱም ዓይኑን ይሰብራል። ብዙ ሰው በዚህ ተቆጥቷል፤ የሞቱት ጃፓኖች ለምን ፊት አልተሰጣቸውም ይላሉ። ክርክሩን አከብራለሁ። ይህን ስጽፍ ፊልሙ ጃፓን ውስጥ ገና አልወጣም፤ በማርች 2024 መጨረሻ ነው የሚከፈተው፤ ከዚያ የሚመጣውን አስተያየት ለመስማት ጓጉቻለሁ። የእኔ ግን ይህ ነው፦ ፎቶውን ቢያሳየን ኖሮ እናዝንና እንገላገል ነበር። ስላላሳየን ከሚሸሸው ሰው ጋር አብረን ሸሽተን ተያዝን።

የካን ፊልም ፌስቲቫልን ትልቁን ሽልማት ፓልም ዶር የወሰደው «አናቶሚ ኦፍ ኤ ፎል» ደግሞ ከዚህ ብሶ መጣ። ዳይሬክተሯ ጁስቲን ትሪዬ ይህን ሽልማት በማግኘት ሦስተኛዋ ሴት ናት። ታሪኩ አጭር ነው። በፈረንሳይ ተራሮች ላይ፣ በረዶ መሀል ያለ ቤት፤ ባል ከላይኛው ፎቅ ወድቆ ሞቶ ይገኛል፤ ሚስት ትከሰሳለች። የመሰከረ የለም። ያለው ዓይኑ በደንብ የማያይ ልጃቸውና ውሻቸው ነው። (ውሻው ከዓመቱ ተዋንያን ከግማሾቹ ይበልጣል፤ እየቀለድኩ አይደለም።) ባልየው ከመሞቱ በፊት አንዴም በደንብ አናየውም። ሚስቱ ሳሎን ቃለ መጠይቅ እየሰጠች እሱ ከላይ ሆኖ አንድ ሙዚቃ ደጋግሞ ይለቃል፤ ቤቱ እስኪንቀጠቀጥ። ሰውየውን የተዋወቅነው በጩኸት ነው።

ፍርድ ቤቱ ውስጥ ባል በድብቅ የቀረጸው የጠብ ድምፅ ይከፈታል። እዚህ ላይ ትሪዬ የሠራችውን ልብ በሉልኝ። ድምፁ ሲጀምር ወደ ኩሽናቸው ትወስደናለች፤ ሁለቱ ሲጨቃጨቁ በዓይናችን እናያለን፤ ማን ለማን ጊዜውን እንደሰጠ፣ ማን የማንን ሐሳብ እንደወሰደ፣ ልጁ እንዴት እንደተጎዳ። ረጅም ነው፣ ሁለቱም እውነት አላቸው። ልክ ብርጭቆ መሰበርና መማታት ሲጀምር ወደ ፍርድ ቤቱ ትመልሰናለች። ድምፁ ይቀጥላል፣ ምስሉ የለም። ዳኛዋ፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ልጁ፣ ሁሉም እየሰሙ ማን ማንን እንደመታ ለመገመት ይሞክራሉ፤ እኛም ከእነሱ አንበልጥም። ፊልም ለመቶ ምናምን ዓመት «እኔ ልንገርህ፣ ዓይተሃል» ሲለን ኖሮ በዚያች ደቂቃ «አላየህም» አለን።

ተከሳሿ ጀርመናዊት ናት። ባሏ ፈረንሳዊ፣ በቤታቸው የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ። ፍርድ ቤቱ በፈረንሳይኛ እንድትመልስ ይፈልጋል፤ ትሞክራለች፣ ትሰናከላለች፣ በመጨረሻ ወደ እንግሊዝኛ ትዞራለች። አሜሪካ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሐበሻ ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ሰው የገዛ ሕይወቱን በሰው ቋንቋ ሲተርክ ዋሾ ይመስላል፤ ቃል ሲፈልግ የሚቆይባት ሴኮንድ ሁሉ ትቆጠርበታለች።

ከዚህ ፊልም በኋላ ወደ ልጅነቴ ቪዲዮ ቤት ነው ሐሳቤ የሄደው። ቆርቆሮ ግድግዳ፣ አግዳሚ ወንበር፣ በሩ ላይ በኖራ የተጻፈ የፊልም ስም። ሳንቲም ባጣን ቀን ከቆርቆሮው ጀርባ ተደግፈን እንሰማ ነበር፤ ተኩሱን፣ የመኪናውን ጎማ፣ የሕንዱን ዘፈን። ውስጥ ያለው ሕዝብ ሲያፏጭ አክተሩ መምጣቱን እናውቃለን። ፊልሙ ሲያልቅ የገባው ልጅ ወጥቶ ይተርክልናል፤ በእጁ ይማታል፣ በአፉ ይተኩሳል፣ አንዳንዴም ያልነበረ ሰው ይጨምራል። የሰፈራችን ምርጥ ተራኪ በኋላ ራሴ ያየሁትን አንድ ፊልም ከዳይሬክተሩ አሳምሮ ነግሮኝ ነበር። በዚያ ዘመን የፊልም ግማሹ በጆሮ የሚገባ፣ ቀሪውን ደግሞ ራስህ የምትሞላው ነገር ነበር። ትልቅ ስክሪን ፊት መቀመጥ የለመድኩት ቆይቼ ነው፤ ጆሮዬ ግን አሁንም ይቀድመኛል።

ለዚህም ይሆናል «ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስት» የከበደኝ። ከላይ ያለችው ተከሳሽ፣ ሳንድራ ሁለር፣ እዚህም አለች፤ በአንድ ዓመት ሁለት እንዲህ ያሉ ሥራዎች የሠራ ተዋናይ ብዙ አላውቅም። አሁን የናዚዎቹ የግድያ ካምፕ፣ የኦሽዊትዝ አዛዥ፣ የሩዶልፍ ሄስ ሚስት ናት። ጆናታን ግሌዘር ፊልሙን የሚጀምረው በጨለማ ስክሪን ነው፤ ደቂቃዎች፣ ምንም የሚታይ የለም፣ ድምፅ ብቻ። ጡረተኞቹ ማሽኑ የተበላሸ መስሏቸው ወደ ኋላ ዞሩ። ቀስ ብሎ ግን ይገባሃል፤ ጆሮህን እያስተካከለው ነው።

ከዚያ በኋላ የምናየው ቤት ነው። አትክልት ቦታ፣ አበባ፣ የልጆች መዋኛ፣ እራት፣ የልደት ስጦታ። ግንቡ የአትክልቱ አጥር ነው፤ ማዶው ካምፑ። ካሜራው አንዴም ሰዎቹ ሲገደሉ አያሳይም። ድምፁ ግን አይቋረጥም፤ የባቡር ድምፅ፣ የሩቅ ጩኸት፣ የውሻ፣ የጥይት፣ እንደ ምድጃ የማይጠፋ ማጓራት። ለፊልሙ ለብቻው የተሠራ ሁለተኛ ፊልም በጆሮ ይሄዳል ማለት ይቻላል። ግሌዘር እስከ 10 ካሜራ ቤቱ ውስጥ ደብቆ ተዋንያኑን ያለ ባለሙያ ግርግር ለቋቸዋል፤ ስለዚህ ሰዎቹ ሲሠሩ ሳይሆን ሲኖሩ የሰለልናቸው ይመስላል። ሚስትየው አንድ ፀጉር ካፖርት ይመጣላታል። በመስታወት ፊት ለብሳ ትዞራለች፤ ኪሱ ውስጥ የሌላ ሴት ሊፕስቲክ ታገኛለች። ታወጣዋለች፣ ታየዋለች፣ ትቀባዋለች። ስለዚያች ሌላ ሴት የምናውቀው ይህን ብቻ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማሳየት እንደሚቻል እኔ አላውቅም።

የሚስትየው እናት ለጉብኝት ትመጣለች። አትክልቱን ታደንቃለች፣ ልጇ የደረሰችበትን ኑሮ ታወድሳለች። ሌሊት ከመስኮቷ እሳቱን ታያለች። ጠዋት አልጋዋ ባዶ ነው፤ ማስታወሻ ትታ ሄዳለች። ልጅቷ ታነበዋለች፤ ምን እንደሚል ግን አይነገረንም። ግሌዘር እዚህም ጨከነብን። አንድ ቀና ሰው አገኘን ብለን ልንጽናና ስንል ወረቀቱን ነጠቀን።

ዝም ብሎ ስለማስተዋወቅ ካነሳን፣ ጃፓናዊው የአኒሜሽን ዳይሬክተር ሃያኦ ሚያዛኪ «ዘ ቦይ ኤንድ ዘ ሄረን»ን ጃፓን ውስጥ ሲያወጣ አንድ ፖስተር ብቻ ነበር የተለጠፈው። ማስታወቂያ የለ፣ ቅንጫቢ የለ። እዚህ አገር ዋናው ፊልም እስኪጀምር በሚያልፉት ቅንጫቢዎች የሦስት ፊልም መጨረሻ ያውቃል ሰው። ፊልሙ ራሱ ከሚያዛኪ ምርጦች አይደለም እላለሁ፤ መካከሉ ይዝረከረካል። ሽማግሌው ግን በዚህ ዕድሜው ማንንም ለማስደሰት አለመሞከሩን ወደድኩለት። «ጎድዚላ ማይነስ ዋን» ላይም ብዙ አልቆይም፤ ሆሊውድ ለአንድ የመኪና ማሳደድ በሚያወጣው ብር ጃፓኖቹ ሙሉ ፊልም፣ ያውም ሰው ያለበት ፊልም፣ ሠርተው አሳዩ።

«ኪለርስ ኦፍ ዘ ፍላወር ሙን» 206 ደቂቃ ነው። ማርቲን ስኮርሴዚ በ1920ዎቹ ኦክላሆማ ውስጥ መሬታቸው ነዳጅ የወጣለትን፣ የአገሩ ቀደምት ሕዝብ የሆኑትን የኦሴጅ ሰዎች፣ ነጮቹ አግብተውና ተዛምደው አንድ በአንድ እንዴት እንደገደሏቸው ይተርካል። ቅሬታዬን ላስቀድም፤ ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ በዛብኝ። የደነዘ ባል ፊት ሦስት ሰዓት ተኩል ለማየት ትዕግሥት ይጠይቃል። እኔ ማየት የምፈልገው ሚስቱን ሞሊን፣ እሷን ሆና የምትሠራውን ሊሊ ግላድስቶንን ነበር። ገና ሳይጋቡ ቤቷ ተቀምጠው ነጎድጓድ ይመጣል። ሰውየው መስኮት ሊዘጋ ይነሣል። ተቀመጥ ትለዋለች፤ ማዕበሉ ኃያል ነውና ዝም ማለት አለብን። ይቀመጣል፣ ግን ዝም ማለት አይችልም፤ አፉ ይበላዋል፣ ሰውነቱ ይቁነጠነጣል። እሷ ዓይኗን ጨፍና ዝናቡን ትሰማለች። በዚያ ትዕይንት ውስጥ የሚመጣው ሁሉ አለ፤ ማን ምድሪቱን እንደሚያውቃት፣ ማን ዝምታን እንደሚፈራ። አያቶቼ ጋር ክረምት የከረምኩ ስለሆነ መብረቅ ሲመጣ ዝም የማይል ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ።

መጨረሻውን ያልጠበቁ ብዙዎች ግራ ተጋቡ። ታሪኩ በድንገት የሬዲዮ ድራማ ይሆናል፤ ተዋንያን ማይክሮፎን ፊት፣ የድምፅ ሠራተኞች በዕቃ ድምፅ ሲያወጡ። ስኮርሴዚ ራሱ ወጥቶ ሞሊ ስትሞት ጋዜጣ ላይ የወጣውን ያነባል፤ ስለ ግድያዎቹ አንድም ቃል አልተጻፈም ይላል። አንድ ሽማግሌ ዳይሬክተር ሦስት ሰዓት ተኩል ሲያሳይ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ማሳየቱን ትቶ ቆሞ ያነባል። ይህም የእሱ ዞር ማለት ነው።

ስለ ርዝመት ካወራን «ፎለን ሊቭስ» 81 ደቂቃ ነው፣ ተመስገን። አኪ ካውሪስማኪ ሄልሲንኪ ውስጥ ሁለት የቸገራቸው፣ የሚያፍሩ ሰዎች እንዲዋደዱ ይሞክራል። ሲኒማ አብረው ያያሉ፣ እሷ ስልኳን በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ትሰጠዋለች፣ እሱ ከኪሱ ሲጋራ ሲያወጣ ወረቀቷን ነፋስ ይወስዳታል። ስሟን እንኳ አያውቅም። ምን ያድርግ? ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። አንድ ቀን እሷ በዚያ ስታልፍ እሱ የለም፤ መሬቱ ላይ ግን የሲጋራ ቁራጭ ተከምሯል። ጎንበስ ብላ ታያለች። ስንት ቀን እንደቆመ፣ ምን እንደተሰማው የሚነግረን ሙዚቃም ለቅሶም የለም፤ ቁራጩን ቆጥረን ማወቅ የእኛ ፈንታ ነው። ቤቷ ሬዲዮ በከፈተች ቁጥር ስለ ዩክሬን ጦርነት ይወራል፤ ትዘጋዋለች። የፍቅር ፊልም ውስጥ ጦርነት እንዲህ በኩሽና ሬዲዮ ሲገባ የራሳችንን ቤት አስታወሰኝ፤ ባለፉት ዓመታት ዜና ከፍተን ስንቴ ነው መልሰን የዘጋነው።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ፊልም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ዓመቱን ሙሉ አዳራሽ ገብቼ ያየሁት አዲስ የአማርኛ ፊልም የለም፤ ያየሁት በዩቲዩብ ነው፣ በስልክ፣ በእረፍት ሰዓቴ። ጥሩ ተዋንያን አሉን፤ ሳቅ የሚችሉ፣ ዝም ማለትም የሚችሉ። ግን ዝም እንዲሉ ማን ይፈቅዳል? ልጅቷ ስታዝን ክራሩ ይጀምራል፣ ካሜራው እንባዋ ላይ ይደርሳል፣ እሷም ለጓደኛዋ ለምን እንዳዘነች ትነግራታለች፣ ጓደኛዋ ደግሞ ለእኛ ትደግምልናለች። ሰምና ወርቅ እየተቀኘ ያደገ ሕዝብ፣ አንድ መስመር ውስጥ ሁለት ነገር ደብቆ «ፍታው» የሚል ሕዝብ፣ ስክሪን ላይ ሲወጣ ምን ነካው? ሰሙን ደጋግመን እናቀርባለን፣ ወርቁን የምንፈልግበት ጊዜ አይሰጠንም። ችግሩ የገንዘብ ነው የሚሉኝን አልቀበልም። የሲጋራ ቁራጭ ስንት ያወጣል?

ደግሞም አዲስ ነገር አይደለም። ከሲልቨር ስፕሪንግ በጆርጂያ ጎዳና ወደ ዋሽንግተን ቁልቁል ቢወርዱ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ኃይሌ ገሪማና ባለቤቱ ሽሪኪያና አይና የከፈቱት ሳንኮፋ የሚባል የመጻሕፍትና የፊልም ቤት አለ። ቡና እየጠጣህ የዚያን ሰው የ1976 ሥራ፣ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ማሰብ ትችላለህ፤ ጥቁርና ነጭ፣ አንድ የገበሬ ቤተሰብ ለባላባት ሲገብር። ካሜራው ራቅ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ሲያርሱ ያያል። የሚያስረዳህ የለም። አስተምሮን ነበር ማለት ነው፤ ትምህርቱን ፊንላንዶች ወሰዱት።

«ፓስት ላይቭስ»ን ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። የሴሊን ሶንግ የመጀመሪያ ፊልሟ ነው፤ ለኦስካር የታጨው በሁለት ዘርፍ ብቻ ነው፣ በምርጥ ፊልምና በድርሰት። ሁለት ልጆች ሴኡል ውስጥ ከትምህርት ቤት አብረው ይመለሳሉ። የልጅቷ ቤተሰብ ወደ ካናዳ ሊሄድ ነው። የመጨረሻው ቀን መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ይደርሳሉ፤ ልጁ ቀጥታ ይሄዳል፣ ልጅቷ ደረጃውን ትወጣለች። ካሜራው አይከተላቸውም፤ ሁለቱን በአንድ ምስል ይዞ ቆሞ ይቀራል። 12 ዓመት ያልፋል፣ በስካይፕ ይገናኛሉ፤ ምስሉ ይቆማል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ አንዱ ጋ ሲነጋ ሌላው ጋ ይመሻል። ሌላ 12 ዓመት ያልፋል፣ ልጁ ኒው ዮርክ ይመጣል። እሷ አግብታለች።

ማንም ማንንም አይከዳም። የሚሮጥ የለም፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የሚጮህ የለም። ባልየው ሸጋ ሰው ነው፤ ይህ ታሪክ ቢሆን ክፉው እኔ ነበርኩ ብሎ በራሱ ይቀልዳል። ሚስቱ በእንቅልፏ በማይገባው ቋንቋ እንደምታወራ፣ ውስጧ እሱ የማይደርስበት ቦታ እንዳለ አልጋ ላይ ሆኖ ይነግራታል። ይህን ሳይ ዲቪ ደርሷቸው የመጡ፣ እዚህ ወልደው የከበዱ፣ በቫይበር ደህና ነህ ወይ ከሚሏቸው ሰዎች መካከል አንዱን ከሌሎቹ ለየት አድርገው የሚያስታውሱ ወዳጆቼን ሁሉ አሰብኩ። እኔንም ጨምሮ። ጥያቄው ስለዚያ ሰው አይደለም። ስለዚያ ስለቀረው እኔ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ብቀር ኖሮ የማገባት፣ የምሠራው፣ የምናደድበት ነገር፤ እሱ ሰውዬ የሆነ ቦታ እየኖረ ይመስለኛል፣ አንዳንዴም የሚቀናብኝ ይመስለኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ እኔ እቀናበታለሁ።

ሶንግ ለተዋንያኖቿ አንድ ደንብ አውጥታ ነበር፤ ግሬታ ሊ እና ቴዎ ዩ ገጸ ባሕርያቱ በትልቅነታቸው እስኪገናኙ ድረስ እንዳይነካኩ። መጨረሻው ላይ መኪና እስኪመጣለት መንገድ ዳር ቆመው ይጠብቃሉ። አይነጋገሩም። ይተያያሉ፤ አንድ እርምጃ ይጠጋጋሉ፣ በቃ። መኪናው መጣ። ምን ሊሉ እንደነበር፣ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ካሜራው አልጠየቃቸውም። እሱ ይሄዳል፣ እሷ በእግሯ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፣ ባሏ ደረጃው ላይ ይጠብቃታል፣ ታለቅሳለች። ለምን እንደምታለቅስ ግልጽ ነው፣ ግን ተናገር ብትሉኝ አልችልም። አዳራሹ ሲበራ ከፊቴ ያሉት አሮጊት ወደ ባላቸው ዞረው ምንም አልጠየቁም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

አሁን የዓመቱን አጥር የሚያፈርስ አንድ ፊልም ልጨምር ነው። የማቴዮ ጋሮኔ «ኢዮ ካፒታኖ» ጣሊያን ውስጥ የወጣው በ2023 ነው፣ ቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይም የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት አግኝቷል፤ እዚህ አሜሪካ ግን የተከፈተው በፌብሩዋሪ 2024 ነው። ሁለት የሴኔጋል ጎረምሶች ከዳካር ተነሥተው በሰሃራና በሊቢያ አቋርጠው ወደ ጣሊያን ይሄዳሉ። በረሃው ላይ የደከመች ሴት ወድቃ ትቀራለች፤ ልጁ ሊያነሣት ተመልሶ አልቻለም፤ ከዚያ ሴትየዋ አየር ላይ ተንሳፍፋ፣ እጁን ይዛ፣ ስትስቅ እናያለን። ሞቷን ሳይሆን ልጁ ሊያየው የሚችለውን ነገር ነው ያሳዩን። ከሊቢያው እስር ቤት ግን ዞር አላሉም፤ እዚያ ዓይኔን የሰበርኩት እኔ ነኝ።

ፓርኪንጉ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ በመተማ ወጥቶ፣ በካርቱም አድርጎ ሊቢያን ያለፈ ሰው አለ። አብረን እንይ አልኩት። «አንተ፣ ያየሁትን ነገር ደግሜ በገንዘቤ ልየው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ስለ ማሳየትና ስላለማሳየት ከላይ የደረደርኩት ሁሉ ከባሕሩ ወዲህ ላለነው ለእኛ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ከሳምንት በኋላ ግን ራሱ አነሣው። ልጆቹ ደረሱ ወይ አለኝ። መርከቧን የሚነዳት የ16 ዓመቱ ልጅ ነው አልኩት፣ የባሕር ዳርቻው ይታያል፣ ሄሊኮፕተር ከላይ ይመጣል፣ ልጁ ካፒታኑ እኔ ነኝ እያለ ይጮኻል፣ ከዚያ ያልቃል። «ታዲያ ወረደ ወይስ አሰሩት?» አላውቅም አልኩት። «እኔ አውቃለሁ» ብሎ ደንበኛ መጣና ቁልፉን ይዞ ተነሣ። ምን እንደሚያውቅ አልነገረኝም። «ኢዮ ካፒታኖ»ን በ2024 ዝርዝሬ ላይ ከላይ ጽፌዋለሁ፤ ሐሳቤን የሚያስቀይር ፊልም ካለ ዓመቱ ገና ብዙ ይቀረዋል።